ስለ ሳክራሜንቶ ከተማና በማርች ወር ስለሚደረገው የቅርጫት ኳስ ክርክር

የካሊፎርኒያ ግዛት ዋና ከተማ ማን ናት ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ሰው ሎስ አንጀለስን ወይም ሳን ፍራንሲስኮን ይጠራል እንጂ ሳክራሜንቶን የሚያስታውሳት ጥቂት ነው። እርስዋ ግን ከ1854 ዓ.ም. ጀምሮ የግዛቱ መንግሥት መቀመጫ ሆና ትኖራለች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

ከሳን ፍራንሲስኮ ወገን ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 140 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ መንገደኛ፤ ረግረጉንና ሰፊውን የእርሻ ሜዳ አልፎ ወደ ከተማይቱ ሲቃረብ፤ በምድር ባቡር የመጣ እንደ ሆነ የሳክራሜንቶን ወንዝ ይሻገራል። በዚያን ጊዜ በስተ ቀኙ በ1935 ዓ.ም. የተሠራውን፤ ወርቅ መሳይ ቀለም የተቀባውንና መርከብ በመጣ ጊዜ መካከሉ ወደ ላይ የሚነሣውን ድልድይ ያያል። ከዚያ ድልድይ ጀምሮ አንድ ሰፊ ጎዳና ሳይታጠፍ በቀጥታ ሄዶ፤ በ1874 ዓ.ም. ሥራው ከተፈጸመው ባለ ጉልላት የምክር ቤት ሕንጻ ፊት ይደርሳል። አሜሪካን የሚባለው ሌላው ወንዝም ከተራራው ወርዶ ከከተማይቱ አጠገብ ከሳክራሜንቶ ወንዝ ጋራ ይገናኛል። በ1848 ዓ.ም. የብዙ አገር ሰው ቤቱን ጥሎ እንዲሰደድ ያደረገው ወርቅ የተገኘው በዚሁ ወንዝ በላይኛው ወገን ኮሎማ በሚባል ስፍራ ነው።

ሁለት ወንዝ የሚገናኝበት ስፍራ ለንግድ እንደሚመች ሁሉ ለጎርፍም የተመቸ ነው። በ1862 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር ውሃው ከተማይቱን ስለ ሸፈናት አዲሱ አገረ ገዥ ሌላንድ ስታንፎርድ ወደ ሹመታቸው በዓል የሄዱት በጀልባ ነበር። የከተማይቱ ሰዎች ግን ቦታውን ትተው አልሄዱም፤ በመካከል ከተማ ያሉትን ጎዳናዎች ዐፈር እየሞሉ ከፍ አደረጓቸው፤ የቀድሞው የቤታቸው መግቢያም ከመሬት በታች ቀረ። በአሮጌው ሰፈር ከመንገዱ በታች የቀረውን የቀድሞ ግንብ እንግዳ ሰው ወርዶ ይጎበኛል። ስለ ቅርጫት ኳስ ልንናገር ተነሥተን ስለ ጎርፍ መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ እኒህ ሰዎች ያላቸውን ነገር እንዴት አጥብቀው እንደሚይዙ ከዚህ ይታያልና።

በመካከል ከተማ ጎዳናዎቹ በፊደልና በቁጥር ይጠራሉ። በጄና በኤል ጎዳናዎች መካከል፤ ከምክር ቤቱ ሕንጻ በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ርቆ፤ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተ ጎልደን ዋን ሴንተር የሚባል 17,600 ያህል ሰው የሚይዝ የጨዋታ አዳራሽ አለ። ትልልቆቹ የመስተዋት በሮቹ እንደ አውሮፕላን ማደሪያ በር ሆነው ወደ ላይ የሚከፈቱ ናቸው። የሳክራሜንቶ በጋ እጅግ ሞቃት ነው፤ ነገር ግን ማታ ማታ ከባሕሩ ወገን በወንዞቹ ሸለቆ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ስለሚመጣ፤ መሐንዲሶቹ ይህ ነፋስ በበሮቹ ገብቶ አዳራሹን እንዲያቀዘቅዘው አስበው ሠሩት።

በዚህ አዳራሽ የሚጫወተው ቡድን ኪንግስ ይባላል፤ ትርጓሜው ነገሥታት ማለት ነው። ሆኖም እኒህ ነገሥታት መናገሻ ያልጸናላቸው ናቸው። ቀድሞ በኒው ዮርክ ግዛት በሮቼስተር ከተማ ሮያልስ ተብለው ሲጫወቱ በ1951 ዓ.ም. የማኅበሩን ውድድር በአንደኝነት ፈጸሙ። በ1957 ወደ ሲንሲናቲ፤ በ1972 ወደ ካንሳስ ሲቲ ተዛወሩ፤ በዚያም ሮያልስ የሚባል ሌላ የቤዝቦል ቡድን ስለ ነበረ ስማቸውን ለውጠው ኪንግስ ተባሉ። በ1985 ዓ.ም. ወደ ሳክራሜንቶ መጡ። ከ1951 ወዲህ እስከ 2025 ዓ.ም. ድረስ ሁለተኛ ዘውድ አልጫኑም። ዘውድ ሳይጭኑ ይህን ያህል ዘመን ንጉሥ ተብሎ መጠራት በሌላ አገር የሚገኝ አይመስለንም።

በአሜሪካ አገር እንዲህ ያለው ቡድን የባለንብረት ሀብት ነው፤ ባለንብረቱም ማኅበሩን ካስፈቀደ እንደ ሱቅ ዕቃ ጭኖ ወደ ሌላ ከተማ ሊወስደው ይችላል። በ2013 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር የዚያን ጊዜዎቹ ባለንብረቶች ቡድኑን ወደ ሲያትል ሊወስዱት ለሚፈልጉ ሰዎች ለመሸጥ ተስማሙ። ሲያትልም በ2008 የራስዋን ቡድን ኦክላሆማ ሲቲ ወስዳባት ነበርና እንባዋ ገና አልደረቀም። ሳክራሜንቶም ብትሆን በ1985 ከካንሳስ ሲቲ የተቀበለች ናት፤ በዚህ ነገር እጄ ንጹሕ ነው የሚል ከተማ አልነበረም። በዚያን ዘመን በአገሪቱ ታላላቅ ማኅበሮች የተቆጠረ ሌላ የወንዶች ቡድን በከተማይቱ ስላልነበረ፤ ይህ ቢሄድ ስምዋ በጋዜጣ የሚጠራው ግብር በተጨመረ ጊዜ ብቻ ሊሆን ነው ብለው ሰዎቹ ተጨነቁ። ከንቲባው ኬቪን ጆንሰን የከተማይቱ ተወላጅና ቀድሞ በፊኒክስ ቡድን የታወቁ ተጫዋች ነበሩና ነገሩን እንደ ራሳቸው ነገር ይዘው ደከሙ። በሜይ ወር የማኅበሩ ባለንብረቶች ተሰብስበው 22 ለ8 በሆነ ድምፅ ቡድኑ ከሳክራሜንቶ እንዳይነሣ ወሰኑ፤ በሕንድ አገር የተወለዱት ባለጸጋ ቪቬክ ራናዲቬም ከሌሎች ጋራ ሆነው ገዙት። ከተማይቱ በበኩልዋ ለአዲሱ አዳራሽ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጠች፤ ለዚህ የተበደረችውንም ገንዘብ ከአውቶሞቢል ማቆሚያ በሚሰበሰበው ገቢ አስይዛ ነው። ይህን ያህል የሕዝብ ገንዘብ ለጨዋታ ቤት ማውጣት ይገባልን ብለው የተቃወሙ አልጠፉም፤ የገንዘብ ሥራ የሚያውቅ አንባቢ በራሱ ይፍረድ።

እንግዲህ ክርክሩ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት የውድድሩን ሥርዓት ጥቂት ማወቅ ያሻል። ጨዋታው አምስት አምስት ሆነው ኳስን በከፍታ በተሰቀለ ቀለበት ውስጥ ለመጣል የሚታገሉበት ነው፤ በ1891 ዓ.ም. ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ መምህር በማሳቹሴትስ ግዛት ለተማሪዎቹ የክረምት ማሠልጠኛ ብሎ የፈጠረው ሲሆን፤ ያን ጊዜ የፍሬ መልቀሚያ ቅርጫት ስለ ሰቀለ ስሙ በዚያው ቀረ። በማኅበሩ 30 ቡድኖች አሉ፤ 15ቱ የምሥራቅ 15ቱ የምዕራብ ይባላሉ። እያንዳንዱ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል እኩሌታ 82 ጊዜ ይጫወታል። በዚያን ጊዜ ከየወገኑ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ቡድኖች ፕሌይኦፍ ወደሚባለው የምርጦች ውድድር በቀጥታ ይገባሉ። ከ7ኛ እስከ 10ኛ ያሉት አራቱ ግን ከደጃፍ ቆመው ለቀሩት ሁለት ስፍራዎች ይጋጠማሉ፤ 7ኛውና 8ኛው ሁለት ዕድል አላቸው፤ 9ኛውና 10ኛው ግን አንድ ጊዜ የተሸነፉ እንደ ሆነ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ስለዚህ የማርች ወር በገባ ጊዜ፤ ይኸውም በኛ ከየካቲት መጨረሻ እስከ መጋቢት 22 ቀን ድረስ ያለው ነው፤ በሳክራሜንቶ ሰው ሁሉ ሒሳብ ዐዋቂ ይሆናል። ጠጉር አስተካካዩ ደንበኛውን አስቀምጦ፤ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች በምሳ ሰዓት፤ ቤተሰብም በራት ገበታ ላይ ሆኖ ይከራከራል። በገና ጨዋታ ጊዜ ጌታ በሎሌው ቃል እንደማይቆጣ ሁሉ፤ በዚህም ክርክር አለቃና ምንዝር፤ አባትና ልጅ እኩል ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው ቆጣሪው ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ከቤቱ ልጆች አንዱ ይሆናል። የቀሩትን ጨዋታዎች አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ የትኛው በሜዳችን፤ የትኛው በሰው አገር እንደ ሆነ ለይቶ ይናገራል። ሁለት ቡድኖች በእኩል ቁጥር ቢጨርሱ በመጀመሪያ እርስ በርሳቸው ሲጫወቱ ማን እንዳሸነፈ ይታያልና፤ በኖቬምበር ወር ማንም ልብ ያላለው አንድ ሽንፈት አሁን እንደ ቆየ ዕዳ ይወጣል። የ2024 ዓ.ም. ነገር ለዚህ የተገባ ምሳሌ ነው። በዚያ ዓመት ኪንግስ 46 አሸንፈው 36 ተሸነፉ። በፊተኛው ዓመት በ2023 በምዕራብ ወገን 45 ያሸነፈው የፊኒክስ ቡድን 4ኛ ሆኖ ነበር፤ እንግዲህ 46 ማሸነፍ ማለፊያ ቁጥር ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ2024 ግን ጎረቤቶቹ ሁሉ ስለ በረቱ 46 ያሸነፈ 9ኛ ሆነ። ሥራው ሳይቀንስ ደረጃው የቀነሰበትን ሹም የሚያውቅ አንባቢ የነገሩን ምሬት ያውቀዋል። 6ኛው ቡድን 49 ነበረው፤ የሦስት ጨዋታ ልዩነት ብቻ ነው፤ ቆጣሪውም እኒያን ሦስት ጨዋታዎች በስማቸው ይጠራቸዋል። በማርች ወር ውስጥ ኬቪን ሄርተር ትከሻው፤ ማሊክ መንክ ጉልበቱ ተጎድቶ ባይወጡ ኖሮ ይላል። ‹ኖሮ› የሚለው ቃል በዚህ ወር በሳክራሜንቶ ከዳቦ ይልቅ ይበላል።

ከዚያ ወዲያ ተስፋ በሰው እጅ ትገባለች። የኒው ኦርሊንስ ቡድን ዛሬ ይሸነፍልን፤ ፊኒክስ ነገ ይውደቅልን እየተባለ የማያውቁትን ቡድን መደገፍ ይመጣል። በኛ አገር ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ነገር ይህ ነው። የሚያስገርመው ግን ሰዎቹ ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም፤ እያወቁት ከጨዋታው በኋላ እኩለ ሌሊት ድረስ ተቀምጠው የሌላውን ከተማ ውጤት ይጠባበቃሉ።

ሁለተኛው ተናጋሪ አስታዋሹ ነው። እርሱ ቁጥር አይወድም፤ የ2002ን ዓመት ያነሣል። በዚያን ዘመን ክሪስ ዌበር፣ ቭላዴ ዲቫክና ማይክ ቢቢ የነበሩበት ቡድን 61 ጊዜ አሸንፎ ከማኅበሩ ሁሉ የበለጠ ሆነ፤ ከሎስ አንጀለስ ሌከርስ ጋራም በምዕራቡ ወገን ፍጻሜ ሰባት ጊዜ ተጋጠመ። የሌከርስ አሠልጣኝ ፊል ጃክሰን ከተማይቱን የላም አገር ብለው ስላፌዙባት፤ ደጋፊዎቹ የላም ደወል ይዘው ወደ አዳራሹ እየገቡ ጆሮ እስኪደነቁር ያንቃጭሉ ነበር፤ ደወሉም እስከ ዛሬ የቤተሰብ ዕቃ ሆኖ የተቀመጠበት ቤት አለ። በአራተኛው ጨዋታ ሮበርት ሆሪ ሰዓቱ ሲያልቅ በወረወረው ኳስ 100 ለ99 ተሸነፉ። በስድስተኛው ጨዋታ ለሌከርስ በመጨረሻው ሩብ ብቻ 27 የቅጣት ውርወራ ስለ ተሰጣቸው፤ ዳኞቹ በደሉን የሚለው እሮሮ ከዚያ ወዲህ አላባራም። አስታዋሹ ከዚህ ላይ ቢያቆም ደስ ይለዋል። ነገር ግን በገበታው ዙሪያ እውነት የምትናገር አንዲት አክስት አትጠፋምና፤ በሰባተኛው ጨዋታ በገዛ ቤታችን 30 የቅጣት ውርወራ አግኝተን 16 ብቻ አላስገባንምን ትለዋለች። በጭማሪ ሰዓት 112 ለ106 ተሸንፈው መውጣታቸው የታወቀ ነው፤ 14 ነጥብ ስተው በስድስት ነጥብ ተሸነፉ። ለእኛ የእርስዋ ቃል ሚዛን የሚደፋ ይመስለናል፤ ዳኛውን መውቀስ ግን ይጣፍጣልና አስታዋሹ አይለቅም።

ሦስተኛው ደግሞ ነገሩን የሚያቀዘቅዘው ነው። በማኅበሩ ሥርዓት ወደ ፕሌይኦፍ ያልገቡት ቡድኖች ከአዳዲሶቹ ወጣቶች ቀድመው ለመምረጥ ዕጣ ይጣልላቸዋል፤ የደከሙት ቡድኖች የተሻለ ዕድል አላቸው። ስለዚህ ይህ ሰው፤ 9ኛ ሆኖ ከደጃፍ ከመባረር ዘንድሮ ተሸንፎ ጥሩ ልጅ መምረጥ ይሻላል ይላል። አሳቡ ከብልሃት የራቀ አይደለም። መልሱ ግን በአንድ ስም ያልቃል። በ2018 ዓ.ም. ኪንግስ ሁለተኛ ምርጫ ደርሷቸው ማርቪን ባግሊ የተባለውን ሲወስዱ፤ ሉካ ዶንቺችን ሦስተኛው መራጭ ወሰደው፤ እርሱም ከዘመኑ ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ ሆነ። ይህ ስም በተጠራ ጊዜ ገበታው ጸጥ ይላል፤ ወጥ የሚጨምር ሰው ቢኖር ያን ጊዜ ይጨምራል።

እንዲህ ያለው ጭቅጭቅ ለሌላ ከተማ ሰው ከንቱ ድካም መስሎ ይታይ ይሆናል። የሳክራሜንቶ ሰዎች ግን ክርክሩ ራሱ የተነፈጋቸው ዘመን ነበር። በ2006 ዓ.ም. በሳን አንቶኒዮ ተሸንፈው ከፕሌይኦፍ ከወጡ በኋላ 16 የውድድር ዘመን ሙሉ ተመልሰው አልገቡም፤ በማኅበሩ ታሪክ ከዚህ የረዘመ ድርቅ አልተመዘገበም። በእኒያ ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ ማርች ሲገባ የሚቆጠር ነገር አልነበረም፤ ሒሳቡ በፌብሩዋሪ አልቆ ያድር ነበር። በ2006 የተወለደ ልጅ አባቱ የሚያነሣውን የፕሌይኦፍ ወሬ እንደ ተረት እየሰማ 16 ዓመት ሞላው። ቡድኑ በ2013 ሊወሰድ በተቃረበ ጊዜም ድርቁ ሰባተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር፤ እንግዲህ ሰዎቹ የታገሉት ለሚያሸንፍ ቡድን አልነበረም፤ ምናልባት አንድ ቀን ስለ እርሱ እንከራከር ይሆናል ብለው ነው።

ያ ቀን በ2023 ዓ.ም. መጣ። ማይክ ብራውን አሠልጣኝ፤ ዲአሮን ፎክስና ዶማንታስ ሳቦኒስ ዋነኞቹ ተጫዋቾች ሆነው 48 ጊዜ አሸነፉ፤ በምዕራብም 3ኛ ሆኑ። በዚያ ማርች የክርክሩ ቃል ተለወጠ፤ እንገባለን ወይ መባሉ ቀርቶ ማን ይደርሰን ይሆን ተባለ። የደረሳቸው ከሳን ፍራንሲስኮ የመጣው የዓመቱ ባለዘውድ ወሪየርስ ነበር። ኤፕሪል 15 ቀን በመጀመሪያው ጨዋታ 126 ለ123 አሸነፉ፤ ፎክስ ብቻውን 38 ነጥብ አስገባ። ሁለተኛውንም ደገሙት። በአራተኛው ጨዋታ ግን የፎክስ ጣት ተሰበረ፤ ከተሰበረ ጣቱ ጋራ ተጫወተ። በሰባተኛው ቀን በገዛ አዳራሻቸው ስቲፈን ከሪ 50 ነጥብ አስገብቶባቸው 120 ለ100 ተሸነፉ። ከዚህ በኋላ በሳክራሜንቶ ማንም ስለ ዳኛ አልተናገረም፤ 50 ነጥብ ዳኛ አይጠቅስምና።

በሚከተለው ዓመት፤ ከላይ ያነሣነው 9ኝነት በደረሰባቸው በ2024፤ ኤፕሪል 16 ቀን ያንኑ ወሪየርስን ከደጃፍ በሚደረገው ግጥሚያ 118 ለ94 አሸንፈው አሰናበቱት፤ ኪጋን መሪ 32 ነጥብ አስገባ። ዕዳው ተከፈለ ተብሎ ብዙ ደስታ ሆነ። ከሦስት ቀን በኋላ ግን በኒው ኦርሊንስ 105 ለ98 ተሸንፈው ከውድድሩ ወጡ። የኒው ኦርሊንስ ዋና ተጫዋች ዛየን ዊሊያምሰን ተጎድቶ ያልተሰለፈ ሲሆን ነው፤ በዚያ የውድድር ዘመን በዚህ ቡድን ሲሸነፉ ይህ ስድስተኛ ጊዜያቸው ነበር። ቆጣሪው ይህን አስቀድሞ ተናግሮ ነበርና ለጥቂት ቀን በቤቱ ውስጥ የሚታፈር ሰው ሆነ። በ2025 ደግሞ ከዚህ የባሰ ሆነ፤ አሠልጣኙ በዲሴምበር ተሰናበቱ፤ ፎክስ በፌብሩዋሪ ወደ ሳን አንቶኒዮ ተላለፈ፤ ቡድኑ 40 አሸንፎ 42 ተሸነፈ፤ ኤፕሪል 16 ቀንም በገዛ አዳራሹ በዳላስ 120 ለ106 ተሸነፈ። ሉካ ዶንቺችን ዳላስ ቀደም ብላ ለሌከርስ አሳልፋ የሰጠች ስለ ሆነ፤ ያ ስም በዚያች ሌሊት እንኳ ሳይጠራ ሊቀር ይችል ነበር፤ ነገር ግን መጠራቱ አይቀርም።

አንድ ነገር ሳንናገር እንዳይቀር። ከ2022 ዓ.ም. መጸው ጀምሮ ቡድኑ ባሸነፈ ቁጥር ከአዳራሹ ጣራ ሐምራዊ የብርሃን ዓምድ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ እንዲወጣ ተደርጓል። በሜዳው ሲያሸንፍ ሕዝቡ ‹አብሩት› እያለ ይጮኻል፤ ቁልፉንም ብዙ ጊዜ ከተጫዋቾቹ አንዱ ይጫነዋል። በሩቅ ከተማ ተጫውቶ ባሸነፈም ጊዜ ይበራል፤ ሰማዩ የጠራ እንደ ሆነ ከከተማይቱ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ሆኖ ያየዋል። ስለዚህ በማርች ማታ፤ ቡድኑ በሰው አገር በሚጫወትበት ቀን፤ በመጨረሻው ደቂቃ ከቴሌቪዥኑ ፊት መቀመጥ የሚጨንቃቸው አረጋውያን አሉ። እነርሱም ተነሥተው ወደ ወጥ ቤት ይገቡና ትንሹን ልጅ ወደ ደጅ ወጥተህ ወደ መካከል ከተማ ወገን ተመልከት ይሉታል። ልጁ ጥቂት ቆሞ ተመልሶ ጨለማ ነው ያለ እንደ ሆነ፤ አያቱ መነጽራቸውን አድርገው እርሳስ ይፈልጉና፤ እሺ፤ ኒው ኦርሊንስስ ዛሬ ምን ሆነ ብለው ይጠይቃሉ።